ኧረ ወገን፣ ዘፈን መቁረጥ ይብቃችሁ!

ዛሬ ሳልናገር አላድርም። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስማት ለምን እንዲህ ብርቅ ሆነ? የሚላክልኝ ሁሉ ቁራጭ ነው። ሃያ ሴኮንድ፣ ሲበዛ ግማሽ ደቂቃ። እሱም ቢሆን በፍጥነት እንዲሮጥ ተደርጎ፣ የዘፋኞቹ ድምፅ ቀጥኖ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ የለቀቀው ሰው የቻናሉን ስም ጮኾበት። ማን ፈቀደላችሁ? ሰው ወራት የለፋበት ዘፈን ላይ ስማችሁን የምትጮኹት በየትኛው ሥልጣናችሁ ነው?

ሰሞኑን ያንገበገበኝ የስሎውዳይቭ «ኪሲስ» ነው። ለማታውቋቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከእንግሊዟ ሬዲንግ ከተማ የተነሱ ባንድ ናቸው። ድሪም ፖፕ ወይም ሹጌዝ ከተባለ፣ ማለትም ጊታሩም ድምፁም በማስተጋባት ተዋህዶ የሚንሳፈፍበት የሙዚቃ ዓይነት፣ መጀመሪያ ከሚጠሩት ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሦስተኛ አልበማቸውን ሲያወጡ አሳታሚያቸው አሰናበታቸው፣ ባንዱም ተበተነ። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመልሰው ተሰባሰቡ፤ ቀጣዩ አልበማቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017፣ ከ22 ዓመት በኋላ ነው። እንደዚህ ጠብቀው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ በሃያ ሴኮንድ የሚቆረጡት።

«ኪሲስ» ከዚያ ቀጥሎ ለመጣው «ኤቭሪቲንግ ኢዝ አላይቭ» ለተባለው አልበም ቀድሞ የተለቀቀ ነጠላ ዜማ ነው። በእኛ አቆጣጠር ነጠላው ሰኔ 2015 ወጣ፣ ሙሉ አልበሙ ነሐሴ 26። በሁለቱ መካከል የሆነውን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ለወራትም አልተመለሰም። ነጠላው ስልካችን ላይ ነበር፣ አልበሙ ግን አልደረሰንም። ሌላው ዓለም ስምንቱንም ዘፈን ሲያደምጥ እኛ አንዷን ስንደጋግም ከረምን።

በዚያን ጊዜ ፋይል አሳንሶ ከስልክ ወደ ስልክ ያስተላለፈውን ሰው አልወቅስም። እንዲያውም ባለውለታዬ ነው፤ በብሉቱዝም በሚሞሪም እየተቀባበልን ነው ያሳለፍነው። የሚያናድደኝ ዳታው ከተመለሰ በኋላም ልማዱ አለመቅረቱ ነው። የአክስቴ ልጅ እዚሁ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር ቁጭ ብሎ፣ ፓኬጁ ሞልቶ፣ ዘፈኑን በአንድ ስልክ ከፍቶ በሌላ ስልክ ቀድቶ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርጎ ይልክልኛል። «አዳምጠው፣ አሪፍ ነው» ይላል። ምኑን ላዳምጠው ወንድሜ? የድምፅ መልእክት ለንግግር የተሠራ ነገር ነው፣ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ጨፍልቆ ነው የሚያስተላልፈው። ይህ ሙዚቃ ደግሞ የቆመው በግራና በቀኝ ነው። አንዱ ጊታር በዚህ ጆሮ፣ ሌላው በዚያኛው፣ ድምፆቹ መሀል። ስትጨፈልቀው ሁሉም እርስ በርሱ ይተፋፈናል።

ፋይል ማሳነስም እንዲሁ ነው። ኤምፒስሪ የሚያንሰው ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን ድምፅ እየጣለ ነው። በጎላ ድምፅ ስር የተሸፈነውን ስስ ድምፅ መጀመሪያ ይነካዋል። ጥራቱን በሴኮንድ ወደ 64 ኪሎቢት ካወረዳችሁት ከላይ ያለው ቀጭን ድምፅ ይቆረጣል፣ ሪቨርብ የሚሉት የድምፁ ማስተጋባት ጭራው ይበጣጠሳል። ለጭፈራ ዘፈን ምናልባት ከበሮው ይበቃል፤ አይጎዳም አልልም፣ ግን ይሰማል። ድሪም ፖፕ ግን ያ ማስተጋባት ራሱ ነው። እሱን ቆርጣችሁ ጥላችሁ ምን ቀረ? ከዚያ «ይሄ ዘፈን ምኑም አይጥምም» ትሉኛላችሁ። ቅራሪ ቀምሳችሁ ጠላውን ነቀፋችሁ!

ሌላው ሁልጊዜ የሚነሳብኝ ክርክር «ቃሉ አይሰማም» የሚለው ነው። ገባኝ። እኛ ግጥም የምንወድ ሰዎች ነን፤ መንዝ ላይ አንድ ስንኝ ሰርግ ቤቱን ብድግ ያሰኘዋል፣ ይህን አልክድም፣ እኔም ያደግሁበት ነው። ግን ዋሽንት ምን ቃል አለው? ክራር ብቻውን ትዝታ ሲመታ ማን ነው «ግጥሙ የታለ» ብሎ የሚጠይቀው? ዝም ብለን እንሰማለን፣ አንዳንዱም ያለቅሳል። የስሎውዳይቭ ዘፋኞች ኒል ሃልስቴድና ሬቸል ጎስዌል አብረው ሲዘፍኑ ድምፃቸውን ሆን ብለው ከጊታሩ ጋር ያዋህዱታል፤ ድምፃቸው እንደ አንዱ መሣሪያ ሆኖ እንዲሰማ ነው የሚፈልጉት። በባጃጅ ስፒከር፣ በዚያ ባስ ላይ፣ አይሰማም። እውነት ነው። ጥፋቱ ግን የዘፈኑ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ይሄ ነው። «ኪሲስ» ከዚያ አልበም ውስጥ ፈካ ያለው ዘፈን ነው፤ ከበሮው ወደፊት ይገፋል፣ ሰው ሲሰማው ደስ ይለዋል። አልበሙ ግን የተሰጠው ለሬቸል እናትና ለከበሮ መቺው ለሳይመን ስኮት አባት ነው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2020 አርፈዋል። ሃልስቴድ ሥራውን የጀመረው ብቻውን ሲንተሳይዘር በሚባለው የኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ በሠራቸው ጸጥ ያሉ ረቂቆች ነው፣ ጊታሩና ከበሮው በኋላ ነው የገቡበት። ስምንቱንም በተርታ የሰማ ሰው ያ ደስታ ከሐዘን አጠገብ እንደተቀመጠ ይገባዋል። እዚህ የደረሰው ቁራጭ ላይ ግን የሰርግ ቪዲዮ፣ የሞተር ሳይክል ቪዲዮ፣ የሳቅ ቪዲዮ ተለጥፎበታል። የሁለት ሰው እናትና አባት መታሰቢያ መሆኑን አንድም ሰው ጽፎ አላየሁም። እኛ ለቅሶ የምናውቅ ሰዎች ነን፣ አርባና ተዝካር የምናወጣ ሰዎች። የሰው መታሰቢያ እንዲህ ሲበጣጠስ ሊያመን ይገባል።

መብራቱን አላነሳሁም። ማታ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ልሰማ ስል መጥፋቱ፣ ስልኬ በዚያች ሰዓት 3 ፐርሰንት መሆኑ፣ እሱ ሌላ ቀን ራሱን የቻለ ብሶት ይወጣዋል። መብራቱ በእጃችን አይደለም። መቀሱ ግን በእጃችን ነው።

ስለዚህ ቻናል ያላችሁ ልጆች፣ ሙሉውን ልቀቁት። የባንዱን ስም፣ የአልበሙን ስም ጻፉበት። ድምፃችሁን አታስገቡበት፣ ፍጥነቱን አትንኩት። ፋይሉ ከበደ የሚል ሰው ካለ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲደርስ ያውርደው፣ ችግር የለውም፣ ይጠብቃል። አንተም የአክስቴ ልጅ፣ ይህን እንደምታነብ አውቃለሁ፦ ስምንቱንም ዘፈን በሚሞሪ አድርጌ ቅዳሜ ጠባሴ አመጣልሃለሁ። ጆሮ ማዳመጫህን አዘጋጅ፣ ሁለቱም ጆሮ የሚሠራውን።