ጠቆር ያለው የጎንደር ድንጋይ

ኢየሩሳሌም ከተማ፣ ቤታችን አጠገብ አዲስ ፎቅ እየተሠራ ነው። ኮንክሪቱ ቆሞ አልቋል። አሁን ሠራተኞቹ ነጣ ያለውን ድንጋይ እየለበጡበት ነው። ውፍረቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በቀደም በዚያ ስናልፍ እናቴ ቆም አለችና በጣቷ አንኳኳችው። «ይሄማ ልብስ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም» አለች።

እውነቷን ነው። ግን ይህ ልብስ ነው የከተማዋን ሕንፃዎች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ያስመሰላቸው። እ.ኤ.አ. በ1918 የእንግሊዝ ወታደራዊ ገዢ የነበረው ሮናልድ ስቶርስ በአሮጌው ከተማ ቅጥር ውስጥ ቆርቆሮና ልስን ከለከለ። ኋላ ደንቡ እየሰፋ ሄደና የሕንፃ ሁሉ ፊት በአገሩ የኖራ ድንጋይ እንዲሆን ተባለ። ሆቴሉም፣ ሆስፒታሉም፣ የደሃው መኖሪያም ያንኑ ይለብሳል። ኢትዮጵያውያን ያሠሩት ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት እንኳ ክብ ቅርጹን ከአገር ቤት አምጥቶ ድንጋዩን ከዚያው ነው ያገኘው። ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተማው በሙሉ ወርቅማ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ጎንደር ሄጄ ነበር። የፋሲል ግንብ ጠቆር ባለ ቡናማ ድንጋይ ነው የተሠራው። የመስኮቶቹ ቅስት ቀላ ይላል። ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ ነው። በኖራ የተገነባ ግድግዳ የክረምቱን እርጥበት መልሶ ወደ ውጭ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል። በነገሥታቱ ዘመን የእኛ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤሎች፣ ግንበኞችና አናጢዎች ነበሩ። አያቴ ስለ ግንቡ ሲያወራ «እኛ የሠራነው» ይል ነበር። እጄን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ብዙ ቆየሁ።

ከግቢው ወጥቼ አዲሶቹን ሕንፃዎች ሳይ ግን ሆዴ ባባ። ሰማያዊ መስታወት፣ የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም። ታፔላውን ብታነሳው የት ከተማ እንዳለህ አታውቅም። ሰው ለምን ቤት ሠራ አልልም። ብሎኬት ይፈጥናል፣ ድንጋይ ማስጠረብ ደግሞ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ቢሆንም ኢየሩሳሌምም የጠየቀችው ፊቱን ብቻ ነው። በግንቡ ዙሪያ ባሉት መንገዶች ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ደንብ ቢወጣ ጎንደር ምን ይጎድልባታል?

ባለሙያ የለም እንዳይባል፣ አለ። ከአዘዞ ስመለስ መንገድ ዳር አንድ ወጣት ኮብልስቶን ሲጠርብ አየሁ። አንዴ ይመታል፣ ያገላብጣል፣ ደግሞ ይመታል። ሁለቱን መርጦ ሦስተኛውን ወረወረው። ለምን እንደጣለው ጠየቅሁት።

«በድምፁ ነው ጋሼ» አለኝ። «ደህና ድንጋይ ሲመታ ይጮኻል። ውስጡ የተሰነጠቀው ይታፈናል።»

ከጠረበው ላይ አንዲት ስባሪ ሰጠኝ። ለእናቴ ይዤላት መጣሁ። ተቀብላ መጀመሪያ ያደረገችው ማንኳኳት ነበር። አሁን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጣታለች። ከነጩ ድንጋይ አጠገብ ጠቁራ ትታያለች።