ትራውት ለቀሃ ወንዝ አይሆንም

ሰሞኑን አንድ አስተያየት ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው። «የትራውት ጫጩት አምጥተን ቀሃ ላይ ብንለቅ ጎንደር አሳ በአሳ ትሆናለች፤ ባሌ ላይ ሠርቷል» ይላል። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነው። የባሌውም እውነት ነው፤ ከኬንያ የመጣ ትራውት ወብና ደንካ ወንዞች ውስጥ ተለቆ ተራብቷል። ስህተቱ «እዚያ ከሆነ እዚህም ይሆናል» የሚለው ላይ ነው።

ትራውት የብርድ አሳ ነው። ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ያለ ውሃ ይስማማዋል፤ ሙቀቱ 25 አካባቢ ሲደርስ ይሞታል። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ቀሃን በሚያዝያ ያየ ሰው መቼም አይጠፋውም፤ ድንጋይ ለድንጋይ የምትሾልክ ቀጭን ውሃ ናት። በዚያ ላይ ሴቷ እንቁላል የምትጥለው ጠጠር ቆፍራ ነው። በጠጠሩ መሃል ንጹሕ ውሃ ካላለፈ እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል።

ማረጋገጥ ቀላል ነው። በሚያዝያ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር በክር አስሮ ውሃው ውስጥ ማቆየት፤ ወደ 25 ዲግሪ ከተጠጋ ለትራውት አይሆንም። ከዚያ ከወንዙ ወለል አንድ እፍኝ ጠጠር ማንሳት፤ ጭቃ አብሮ ከወጣ ለእንቁላል አይሆንም። (የሰሜን ተራሮች ብርድ ነው የምትሉ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ፣ ግን ቀሃ እዚያ አይደለም።)

ይህን ሳይለኩ ጫጩት የሚገዙ ልጆች ብራቸው በአንድ በጋ ውሃ ይበላዋል። አሳ ማርባት ለሚፈልግ ሰው የጣናው ቆሮሶ (ቲላፒያ) አለ፤ ሞቅ ያለ የኩሬ ውሃ ይወዳል።