የኔም ደመወዝ በየን ነው

በየዓመቱ በረዶ ሲጥል የምሄድበት አንድ የበረዶ መንሸራተቻ አለ። ባለፈው ወር ስሄድ ትኬት መስኮቱ ላይ አዲስ የዋጋ ሰሌዳ ሰቅለዋል። ሁለት ዋጋ ነው። ልዩነቱ 3,000 የን። በእንግሊዝኛ የተጻፈው «ከውጭ አገር ለሚመጡ ጎብኚዎች» ይላል። ጎብኚ ስላልሆንኩ አይመለከተኝም ብዬ ላልፍ ስል ከላይ ያለውን ጃፓንኛ አነበብኩት። «ኒሆንጂን ኢጋይ» ይላል፤ ከጃፓናውያን ውጪ ላሉ ማለት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። እንግሊዝኛው ከየት መጣህ ብሎ ይጠይቃል፣ ጃፓንኛው የማን ልጅ ነህ ይላል።

መስኮቱ ጋ የነበረችው ልጅ ሃያ ዓመት የሚሞላት አይመስለኝም። በጃፓንኛ የአንድ ቀን ትኬት ጠየቅኳት። ፊቴን አይታ በእንግሊዝኛ ከፍ ያለውን ዋጋ ነገረችኝ። የመኖሪያ ካርዴን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩት። ካርዱ ላይ አድራሻዬ አለ፤ ቶኪዮ፣ ካቱሺካ ወረዳ፣ እኛ ሐበሾች በብዛት የምንኖርበት ሰፈር። ካርዱን አየች፣ እኔን አየች፣ ሰሌዳውን አየች። እዚህ አገር ሰው ሲጨንቀው እንደሚያደርገው አየር በጥርሷ መሃል ሳበችና አለቃዋን ጠራች። አለቃው መጣ፣ አጎነበሰ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ካርዴን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ከኋላዬ ሰልፉ እየረዘመ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ተመለሰና «ቶኩቤጹ ኒ» ብሎ በጃፓናውያኑ ዋጋ ሰጠኝ። በልዩ ሁኔታ፣ ለዛሬ ብቻ ማለት ነው።

ውለታ መቼ ጠየቅኩ? ያቺ «በልዩ ሁኔታ» የምትል ቃል እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ናት።

የሁለት ዋጋው ክርክር ከተጀመረ ቆይቷል። በምዕራብ ጃፓን ያለችው የሂሜጂ ከተማ ከንቲባ በጁን 2024 የከተማዋን ጥንታዊ ግንብ ለማየት የውጭ ሰው 30 ዶላር፣ የከተማው ሰው 5 ዶላር ቢከፍል የሚል ሐሳብ ካነሱ ወዲህ ነው ነገሩ የተሟሟቀው። ከዚያ ወዲህ ሙዚየሙም፣ አውቶቡሱም፣ ምግብ ቤቱም በዚሁ ወሬ ተጠምዷል። ሁሉም የሚመዟት ክርክር ደግሞ አንድ ናት። የን ረክሷል፣ ለውጭ ሰው ጃፓን በነጻ ያህል ሆናለች፣ ስለዚህ ትንሽ ቢጨምር ምን ይጎዳዋል?

ይቺ ውሃ የማትቋጥር ክርክር ናት። የትኛውን የውጭ ሰው ነው የሚያወሩት? የኔ ደመወዝ በየን ነው። የቤት ኪራዬ በየን ነው። በቶኪዮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 1,226 የን ነው፤ 3,000 የን ማለት ደግሞ በዚያ ክፍያ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚጠጋ ቆሞ መሥራት ነው። የን ሲረክስ እኔ የምከብርበት መንገድ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በፈረንጆች 2011 አንድ ዶላር ከ80 የን በታች ወርዶ ነበር። በጁላይ 2024 ከ160 በላይ ወጣ። ለቤተሰብ 100 ዶላር ለመላክ ያኔ 8,000 የን የማይሞላ ይበቃ ነበር፣ በዚያ ጁላይ ግን 16,000 አልበቃም። ያው መቶ ዶላር ነው፣ ያቺው እናት ናት፣ ኦቨርታይሙ ብቻ እጥፍ ሆነ። በዚህች አገር ውስጥ በየኑ መርከስ ከማንም በላይ የተመታ ሰው ቢኖር ከዚህ እየሠራ ወደ አገሩ የሚልክ የውጭ ዜጋ ነው። እሱን ነው እንግዲህ የን ስለረከሰ ደልቶሃል፣ ጨምር የሚሉት!

በ2024 ወደ 36.9 ሚሊዮን ጎብኚ ጃፓን ገብቷል። በዚያው ዓመት መጨረሻ እዚህ የምንኖር የውጭ ዜጎች ደግሞ 3.77 ሚሊዮን ገደማ ነበርን። ጎብኚው ሻንጣውን ይዞ በሁለት ሳምንት ይመለሳል። እኛ ቆሻሻ በየቀኑ ለይተን እናወጣለን፣ የጤና መድን እንከፍላለን፣ ጡረታ ይቆረጥብናል። ከዚህ ሁሉ በላይ ጁሚንዜይ የሚባል ግብር አለ። ግብር ከሚታሰብበት ገቢ 10 በመቶ ገደማ ነው፣ የሚሄደውም ለምትኖርበት ወረዳና ክልል ነው። የስሙ ትርጉም የነዋሪ ግብር ነው። እንግዲህ እዩት፤ ግብር ሲሆን ነዋሪ ነኝ፣ ትኬት ሲሆን ባዕድ። በየገጠሩ ያሉ ትናንሽ የበረዶ መንሸራተቻዎች ጥቂት የማይባሉት የማዘጋጃ ቤት መሆናቸውን ደግሞ አትርሱ።

አንዳንድ ወገኖቼም አልማሩኝም። አገርህም እኮ እንደዚያው ነው፣ ላሊበላ የውጭ ሰው በዶላር አይደል የሚከፍለው አሉኝ። አዎ፣ ይከፍላል። ላሊበላ ግን የጸሎት ቤት ነው፤ ነጠላውን ለብሶ በእግሩ ከመጣ ምዕመን ላይ ትኬት የሚቆርጥ የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ተንሸራታቹን በገመድ ወንበር ወደ ተራራው አናት የሚያወጣው የበረዶ ሊፍት ደግሞ ንግድ ነው፤ ለአንድ ወንበር አንድ ዋጋ። አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የኖረን፣ ልጅ ያሳደገን፣ ግብር የሚከፍል ሰው ትናንት ከቦሌ ከወረደ ጎብኚ ጋር አንድ የሚያደርግ ካለም ተሳስቷል። የኛ ስህተት ለነሱ ማስረጃ አይሆንም።

ወደ በረዶው ልመለስ፣ ነገሩን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ቅንጦት ይመስላልና። እኛ በረዶ ስንል ሐምሌ ላይ የቤት ጣሪያ የሚደበድበውን ነው የምናውቀው። እዚህ ያለው ሌላ ነው። ከሳይቤሪያ የሚነሳው ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ሲያቋርጥ እርጥበት ይሸከማል፣ ከዚያ ከምዕራብ በኩል ያሉት ተራሮች ላይ ያራግፈዋል። ለዚህ ነው ቶኪዮ ሰማዩ ጥርት ብሎ ደረቅ ብርድ በሚሆንበት ቀን በዚያ በምዕራቡ በኩል ባለችው በኒጋታ ክልል ቤት በበረዶ የሚቀበረው። አርብ ማታ 5 ሰዓት ላይ ቶኪዮ ካለው ከሺንጁኩ የሌሊት አውቶቡስ እይዛለሁ። መንገዱ ላይ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ አለ። ስትገባ አስፋልቱ ደረቅ ነው። ስትወጣ ከመስኮቱ ውጪ ነጭ ግድግዳ ነው፤ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንቅልፉን ትቶ መስታወቱን በእጅጌው ይወለውላል። ስድስት ዓመት ተመላልሻለሁ፣ እዚያች ቦታ ላይ ተኝቼ አላውቅም።

ወደዚህ ያመጡኝ አብረውኝ የሚሠሩ ሰውዬ ናቸው። ስድሳን አልፈዋል። ካቱሺካ ውስጥ አንዲት ትንሽ የብረት ፋብሪካ ውስጥ አንድ ማሽን ላይ ፊት ለፊት እንቆማለን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ጠዋት «ኦሃዮ»፣ ማታ «ኦጹካሬ» ብቻ ነበር ንግግራችን። አንድ ቀን ግን የስልኬን ፎቶ አይተው በረዶ ትወዳለህ ወይ አሉኝ። እሳቸው በወጣትነታቸው ጊዜ፣ አገሩ በሙሉ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወደ ተራራ በሚጎርፍበት ዘመን፣ እንደኔ ሁለቱም እግር አንድ ሳንቃ ላይ የሚታሰርበትን ስኖውቦርድ ሳይሆን በየእግሩ አንድ ቀጭን ሳንቃ የሚደረግበትን ስኪ ነበር የሚጫወቱት። አሮጌ ጓንታቸውን ሰጡኝ። መጀመሪያ ቀን ቦርዱ እግሬ ላይ ታስሮ ከቆምኩበት የወደቅኩበት በለጠ፤ ቂጤ ለሳምንት አላስቀመጠኝም። እሳቸው ግን ቁልቁል እየወረዱ ይመለሱና «ጉልበት፣ ጉልበት» እያሉ ያጎብጡኛል።

አሁን የምለውን ልብ በሉልኝ። የሊፍቱ ወንበር ለሁለት ሰው ነው። ላይ እስኪደርስ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። መውረድ አይቻልም፣ ስልክ ለመነካካት ጓንት አይፈቅድም፣ ከታች ዝም ያለ ጫካ ነው። ሰው ያወራል። ሰውዬው የሚስታቸውን መሞት የነገሩኝ እዚያ ወንበር ላይ ነው። እኔም አባቴን ለመቅበር ሳልደርስ እንደቀረሁ የነገርኳቸው እዚያው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ዓመት ያልሆነው በአራት ቅዳሜ ሆነ። የውጭ ዜጋ ከኅብረተሰቡ ጋር አይዋሃድም እያሉ በየቴሌቪዥኑ የሚያማርሩ ሰዎች ይህን ይስሙ። በስብሰባና በመመሪያ የተዋሃደ ሰው አላየሁም። ሰው የሚዋሃደው አብሮ ሲወድቅ፣ አብሮ ሲስቅ፣ አብሮ ፍል ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ እግሩን ሲያሽ ነው። ቡና እንደማጣጣት ነው። ጎረቤትህን ቡና ጠርተህ ሲኒውን በሁለት ዋጋ አታቀርብለትም።

ያን ቀን እዚያ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ የቆሙት እሳቸው ነበሩ። አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ማሽን፣ አንድ ደመወዝ፣ አንድ መስኮት። የሳቸው ግማሽ ደቂቃ አልፈጀም። ሊፍቱ ላይ ከተቀመጥን በኋላ ብዙ ዝም ብለው «ሃዙካሺ» አሉ። አፈርኩ ማለት ነው። ማፈር የነበረባቸው ግን እሳቸው አልነበሩም።

ስኪን ጃፓን ውስጥ ማን እንዳስተማረ ሰሌዳውን የጻፈው ሰው ያውቃል? ቴዎዶር ፎን ሌርች የሚባል የኦስትሪያ-ሀንጋሪ መኮንን ነው። በጃንዋሪ 1911 ኒጋታ ውስጥ ታካዳ በምትባል ቦታ የጃፓን ወታደሮችን አሰልፎ፣ አንድ ረጅም በትር ይዞ አሳያቸው። ዛሬ ጃንዋሪ 12 የስኪ ቀን ተብሎ ይታሰባል፤ ኒጋታ የሰውዬውን መልክ ቢጫ አሻንጉሊት አድርጋ የማስታወቂያ ምልክቷ አድርጋዋለች። «ኒሆንጂን ኢጋይ» ነበር እሱም። ከዚያ የክረምት ኦሊምፒኮቹ፣ ሳፖሮ 1972 እና ናጋኖ 1998 መጡ፤ ስኖውቦርድ ኦሊምፒክ ውስጥ የገባውም ናጋኖ ላይ ነው። በ1990ዎቹ በስኪና በስኖውቦርድ የሚዝናናው ሰው 18 ሚሊዮን ገደማ ደርሶ ነበር፣ ዛሬ ሲሶውን አይሞላም። ወጣቱ አነሰ፣ ገንዘቡም አነሰ፣ ብዙ ቦታ ተዘጋ፤ ሊፍታቸው ዝጎ የቆመ ኮረብታዎች በዓይኔ አይቻለሁ። በሰሜን ጃፓን ያለችውን የበረዶ መንሸራተቻ ቦታ ኒሴኮን ከፍ ያደረጓት ከአውስትራሊያ የመጡት ናቸው። በየሆቴሉ አልጋ የሚያነጥፈው፣ ቦርድ የሚያከራየው፣ ለጀማሪ የሚያስተምረው ብዙው የውጭ ልጅ ነው። የውጭ ሰው ባይኖር ግማሹ መንሸራተቻ ዛሬ የቀበሮ መጫወቻ በሆነ ነበር፤ ይህን ስል ቅንጣት አልጠራጠርም።

እሺ፣ አንድ ነገር ልስጣቸው። የተከለከለውን ገመድ ሾልከው ጥልቅ በረዶ ውስጥ የሚገቡ፣ ከዚያ ሲጠፉ መንደሩን በሙሉ በሌሊት የሚያስወጡ አሉ። እነሱ የነፍስ አድኑን ወጪ እስከ መጨረሻዋ የን ይክፈሉ። ግን ገመዱን ስለጣሱ ነው፣ በፓስፖርታቸው አይደለም። ጃፓናዊም ይጥሳል። ኒሴኮ መሬቱና ምግቡ ሰማይ ነካ፣ የአካባቢው ሰው ተገፋ የሚለውም እውነት ነው፤ ያንን ያደረገው ግን መሬቱን የሸጠና የገዛ ባለሀብት ነው፣ በሌሊት አውቶቡስ የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ ምን አገባው?

ናጋኖ ክልል ያለችውን የበረዶ መንሸራተቻ መንደር ኖዛዋ ኦንሰንን ሄዳችሁ እዩ። መንደሩ ውስጥ 13 የሕዝብ ፍል ውሃ ቤቶች አሉ፤ የሚያጸዷቸውና የሚጠብቋቸው የመንደሩ ሰዎች ናቸው። በር ላይ አንዲት የሳንቲም ሣጥን አለች። የቻልከውን ትጥላለህ፣ ጫማህን አውልቀህ ትገባለህ። ካርድ አሳይ የሚል የለም። ውሃው ይፋጃል፣ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው ቀዝቃዛውን ቧንቧ ይከፍቱልሃል። በቃ።

ሂሜጂም ቢሆን በመጨረሻ ተመልሳለች። ከማርች 2026 ጀምሮ 18 ዓመት የሞላው የከተማዋ ነዋሪ 1,000 የን፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሁሉ 2,500 የን እንዲከፍል ነው የተወሰነው። ከቶኪዮ የሄደ ጃፓናዊ 2,500 ይከፍላል፤ ሂሜጂ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ካለ 1,000። በዚህ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። እኔም ሂሜጂ ብሄድ 2,500ዋን ከፍዬ እገባለሁ፣ እዚያ አልኖርማ።

እዚያው የተራራው ካፌ ውስጥ የአስተያየት ወረቀት አለ፣ ከነእርሳሱ። ሾርባችንን እየጠጣን ሁለታችንም ሞላን። እኔ አንድ መስመር ነው የጻፍኩት፤ «ኒሆንጂን» የሚለውን ሰርዛችሁ «ጁሚን»፣ ነዋሪ፣ በሉ። ሰውዬው ግን ወረቀቱ አልበቃቸው ብሎ በጀርባውም ጻፉ። ምን እንዳሉ አላሳዩኝም። የፊታችን አርብ ማታም አውቶቡስ ይዘናል፤ ሰሌዳው ካልተቀየረ ሌላ ወረቀት እንሞላለን።