የፖሊስ ማስረጃው ንጹሕ ነው፤ ከዚያስ?

አልጋ ላይ የዋለች እናት ወይም አፉን ያልፈታ ልጅ ያለው ሰው ተንከባካቢ ሲቀጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው የፖሊስ ማስረጃ ነው። ይጠይቅ፣ ልክ ነው። ችግሩ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ሲገባ ጥያቄውም አብሮ መዘጋቱ ነው።

ማስረጃው በአብዛኛው የሚናገረው ፍርድ ቤት ደርሶ ጥፋተኛ ስለተባለ ሰው ነው። ተጎጂው መናገር የማይችል ሲሆን ስንቱ ጉዳይ ፍርድ ቤት ይደርሳል? የመርሳት ሕመም ያለባቸው አዛውንት «ብሬ ጠፋ» ቢሉ «ያው ረስተውት ነው» ይባላል። ክንዳቸው ላይ የጣት ምልክት ቢታይ «ሳነሳቸው ነው» የሚል መልስ አይጠፋም። ቤተሰብ ቢጠረጥርም «ማን ፍርድ ቤት ይንከራተታል» ብሎ ሰውየውን ያሰናብታል። እሱም ንጹሕ ወረቀቱን ይዞ ሌላ በር ያንኳኳል።

አሜሪካዊው ነርስ ቻርልስ ከለን በኒው ጀርሲና በፔንሲልቬንያ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው እየተዘዋወረ 16 ዓመት ገደማ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 እስኪያዝ ድረስ ሕመምተኞችን በመድኃኒት ይገድል ነበር። 29 ሰው መግደሉን ፍርድ ቤት ቀርቦ አምኗል። የሚገርመው፣ የጠረጠሩት ሆስፒታሎች ነበሩ። ግን አዲሱ ቀጣሪ ሲጠይቅ ጥርጣሬያቸውን ዋጥ አደረጉት፤ ይከሰናል ብለው ፈሩ። ኒው ጀርሲ በ2005 የጤና ተቋማት እንዲህ ያለውን መረጃ እንዳይደብቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

ስለዚህ ለእኔ ትልቁ ምርመራ የቀድሞ ቀጣሪ ጋር መደወል ነው። «ሠርታለች ወይ?» ብላችሁ አታቁሙ። «ዛሬ ብትመጣ መልሳችሁ ትቀጥሯታላችሁ?» በሉ። በቅን ልቦና የሚያውቀውን የተናገረን ቀጣሪም ሕግ ከክስ ሊከልለው ይገባል። አለበለዚያ ማን ይናገራል?

በሌላ በኩል፣ ሪከርድ ያለበትን ሁሉ በጅምላ መግፋት አልወድም። በወጣትነቱ ተደባድቦ የተቀጣ፣ ከዚያ ወዲህ ስሙ በክፉ ያልተነሳ ሰውና የአዛውንት ባንክ ካርድ የሰረቀ ሰው እኩል አይደሉም። የኋለኛው እንክብካቤ ቤት ድርሽ አይበል።

አስቀጣሪ ኤጀንሲዎች «አጣርተናል» ይሉናል። እሺ፣ ማንን አነጋገራችሁ? መቼ? ምን አሉ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ኤጀንሲ ያጣራው ወረቀቱን እንጂ ሰውየውን አይደለም፤ የአገልግሎት ክፍያ ሊጠይቅም አይገባውም።