ከአለቃ ጋር መግባባት የእኛ የቤት ሥራ ብቻ ነው እንዴ?

ዛሬም አንድ ወዳጄ «ከአለቃህ ጋር ያለህን ግንኙነት የምታሻሽልበት መንገድ» የሚል ምክር ላከልኝ። አንብቤ ጨረስኩት። ፈገግ በል። አትከራከር። ፊቱን አይተህ አናግረው። ችግር ሳይሆን መፍትሔ ይዘህ ግባ። ቆይ፣ የተቀጠርኩት ሥራ ልሠራ ነው ወይስ የአየር ጠባይ ልተነብይ?

«መፍትሔ ይዘህ ግባ» የምትለዋ ደግሞ ደሜን ነው የምታፈላው። መፍትሔው እጄ ላይ ቢሆን መጀመሪያውኑ ቢሮው ምን ይወስደኛል? በጀት የሚፈቅደው እሱ ነው። የሚፈርመው እሱ ነው። ሥራችንን አንቆ የያዘውን ሌላ ክፍል ደውሎ «ልቀቁልን» ማለት የሚችለውም እሱ ነው። እኛ መፍትሔ እስክናገኝ አፋችንን ዘግተን እንቀመጣለን። ነገሩ ሲፈነዳ ደግሞ «ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?» ይባላል። ይኸው ነው።

ይሄ የእኔ ብሶት ብቻ አይደለም። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት በሆስፒታል የነርስ ቡድኖች ላይ የሚፈጠሩ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተቶችን አይታ ነበር። ጥሩ አመራር ያለው ቡድን ትንሽ ስህተት ይኖረዋል ብላ ነው የጠበቀችው። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ። ጥሩ የሚመሩት ብዙ ስህተት መዝግበው ተገኙ። ለዚህ የሰጠችው ማብራሪያ እነሱ የበለጠ ስለሚሳሳቱ ነው የሚል አልነበረም። ስህተታቸውን ለመናገር ስለማይፈሩ ነው የሚል ነው። እኛ ዘንድ ታዲያ ሁሉም ሪፖርት «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ነው የሚለው። ለምን እንደሆነ ገምቱ።

እሺ፣ «አለቃህን እወቀው» የሚለው ምክር መሠረት የለውም አልልም። ጋባሮና ኮተር የተባሉ ሁለት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1980 ስለዚሁ ጉዳይ ጽፈዋል። ስለ ሥራ አመራር ይጽፍ ከነበረው ከፒተር ድራከር ወስደው ያነሷት አንዲት ነገር ጠቃሚ ናት። አንዳንዱ አለቃ አንባቢ ነው፣ ቀድመህ በጽሑፍ ስጠው። አንዳንዱ አድማጭ ነው፣ መጀመሪያ በቃል ንገረው። ደስ ይላል።

የእኔው ግን ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሪፖርት ስልክለት «ይሄን ሁሉ ማን ያነባል? ና አስረዳኝ» ይላል። ገብቼ ሳስረዳው ስልኩን እየነካካ «በቃ በጽሑፍ ላክልኝ» ይላል። እኔስ የት ልግባ?

ትእዛዙ ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። «እስቲ ያንን ነገር አየት አድርገው።» የቱን? «ያንን የተባባልነውን።» ለመቼ ይድረስ? «አስቸኳይ ነው።» አምሽተህ ትሠራለህ። የሠራኸው ጠረጴዛው ላይ ሳይነካ ይከርማል። አንድ ቀን ድንገት ያነሳውና «እኔ እንደዚህ አላልኩም» ይልሃል። ማን ይመስክርልህ? ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ።

መላ ያልኩት ነገር ነበር። ከንግግራችን በኋላ «በተነጋገርነው መሠረት እንዲህና እንዲህ ላደርግ ነው፣ ያልገባኝ ካለ ያርሙኝ» ብዬ አጭር መልእክት መላክ። በትህትና፣ በአንቱታ። መልሱ ምን ሆነ? «ምነው፣ ማስረጃ እየሰበሰብክብኝ ነው?» አሁንም እልካለሁ። ቢያኮርፍም ይሻላል፤ ቢያንስ አንዱን ሥራ ሁለቴ አልሠራም።

ደግሞ እኮ ያ የ1980 ጽሑፍ የሚለው ግንኙነቱ የሁለት ተሳሳች ሰዎች ነው፣ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትም ነው። ምክር አከፋፋዮች የሠራተኛውን ድርሻ ቆርጠው ወሰዱና ሌላኛውን ሰው ረሱት። ከዚህ ምክር የሚያተርፈው ማን እንደሆነም ታውቁታላችሁ። ሥራው ባለበት ቆሞ «ልክ ነዎት፣ ልክ ነዎት» የሚለው አድርባይ።

አለቃ ሁሉ እንዲህ ነው እንዳትሉኝ። ከዚህ በፊት ቁጡ አለቃ ነበረችኝ። ፈገግታዋን አይቼ አላውቅም። ግን ገና ሥራ ስጀምር ቁጭ አድርጋ ነገረችኝ። ሪፖርት ከአንድ ገጽ አይለፍ። ነገር ሲበላሽ ያኔውኑ ንገረኝ። የማትደርስበትን ቀን ቃል አትግባልኝ። አለቀ። ስትቆጣ እንኳ ለምን እንደተቆጣች አውቅ ነበር። ከእሷ ጋር ለመግባባት ምክር አላስፈለገኝም።

የአሁኑም ክፉ ሰው አይደለም፣ ለእውነት እንናገር። ከበላዩ ያሉት ለእሱም ምን እንደሚፈልጉ በግልጽ የሚነግሩት አይመስለኝም። ግን «እኔም ገና አላወቅኩም፣ ነገ ላጣራ» ማለት ምን ይከብዳል? እኛ እንደሆን እንጠብቃለን።

ለማንኛውም ነገ ስብሰባ ተጠርተናል። አጀንዳው አልተነገረንም። «ተዘጋጅታችሁ ኑ» ነው የተባልነው።