የባንኮክ ሌባ ሸሚዙን ይተኩሳል

አንድ ሰው ባንኮክ ሊሄድ ነው ከተባለ ዘመድ ሁሉ የጸጥታ አማካሪ ይሆናል። ከቢሾፍቱ አልፋ የማታውቅ አክስት ስለ እስያ ሌባ ሰፊ ማብራሪያ ትሰጣለች። ዶላሩን ሦስት ቦታ ክፈለው ትላለች፤ አንዱን ካልሲ ውስጥ፣ አንዱን የውስጥ ሱሪ ላይ በተሰፋች ኪስ፣ ሦስተኛው ቦታ እንኳ በአደባባይ አይጻፍም። ታይላንድንና ታይዋንን ለመለየት ፈቃደኛ ያልሆነ ጎረቤት ደግሞ ይመጣና ሻንጣህን ከዓይንህ እንዳታርቅ፣ ማንም የሰጠህን እንዳትበላ፣ ማታ እንዳትወጣ ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል።

ምክሩ ክፉ አይደለም። ግን የተሰፋው ለመርካቶ ሌባ ነው። ኪስ መጠበቅን ለእኛ ማን ያስተምረናል? ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልካችንን ጨብጠን፣ ቦርሳችንን ሆዳችን ላይ አድርገን ያደግን ሰዎች ነን። ባንኮክ ላይ ሀበሻን የሚበላው ኪስ አውላቂ ሳይሆን ጨዋ ሰው ነው። የሚበላበትም መንገድ ከቤታችን ይዘነው የምንሄደው ይሉኝታ ነው። ይሄ ዕቃ ደግሞ ቦሌ ላይ በፍተሻ አይያዝም።

ከመነሳትህ በፊት ሁለት ነገር አትርሳ። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ሌላው ከ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ማብቂያ ጀምሮ በኢንተርኔት የሚሞላው የመግቢያ ካርድ ነው። ነጻ ነው። ክፈል የሚልህ ድረ ገጽ ከገጠመህ፣ ሌባው አንተ ቤት ሳለህ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።

ሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያ ስትደርስ ባለ ቆጣሪ ታክሲ አለ። ቆጣሪው ከ35 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ ነው) ይነሳል፣ የኤርፖርቱ 50 ባህት ይጨመርበታል፣ የፈጣን መንገዱን ክፍያ አንተ ትችላለህ፣ አለቀ። እኛ ግን ኮንትራት ለምደን ቆጣሪ አይጥመንም። አንዱ ሹፌር ጠጋ ብሎ 1000 ባህት ሲል እኛ 500 ብለን እናፈጣለን፤ ሄደን እንመለሳለን፣ በሩን ከፍተን እንዘጋለን፣ በመጨረሻ 700 ላይ እንስማማና ያሸነፍን መስሎን ወደ ኋላ ደገፍ እንላለን። ቆጣሪው መሀል ከተማ ድረስ 300 ባህት ገደማ ይል ነበር። ተከራክሮ መዘረፍ ግን ደስ ይላል መሰለኝ፤ ቢያንስ ድምፃችን ተሰምቷል።

ወደ ዋናው እንግባ። ምናለሽ ተራ ያደገ፣ በሕይወቱ ተጭበርብሮ የማያውቅ አንድ ወዳጅ አለኝ። ታላቁን ቤተ መንግሥት ሊያይ በጠዋት ይወጣል። በ1782 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረ፣ የባንኮክ ቁጥር አንድ መስህብ ነው። ነጩን አጥር ይዞ ሲሄድ ፀሐዩ ገና በጠዋቱ አናት ይበሳል። በሩ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው አንድ ሰውዬ ፈገግ ብሎ ይቆማል። ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። አንገቱ ላይ ባጅ ተንጠልጥሏል። እጁ ላይ የታጠፈ ካርታና እስክሪብቶ ይዟል። ከየት ነህ? ከኢትዮጵያ። "ኦ! ኃይሌ ገብረሥላሴ!" በቃ፣ እዚህ ላይ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ሰውዬው ፊቱን አሳዝኖ፣ ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ጠዋት ዝግ ነው አለው። የሃይማኖት በዓል ነው፣ መነኮሳቱ እየጸለዩ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይከፈታል። እስቲ ፍረዱ፤ በወር በወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም እያለ ላደገ ሰው "ዛሬ በዓል ነው" ከማለት የበለጠ አሳማኝ ምክንያት አለ? ወዳጄ እንዲያውም "እንኳን አደረሳችሁ" ብሎታል። ሰውዬው ካርታው ላይ ሦስት ቦታ አከበበለት። እስኪከፈት ድረስ እነዚህን እይ፣ ቱክቱኩ ለሁሉም 20 ባህት ብቻ ነው አለው። ቱክቱክ የእኛው ባጃጅ ነው፤ ሁሉን ቦታ በ20 ባህት አዙሮ የሚያሳይ ባጃጅ ግን በዓለም ላይ የለም። ሹፌሩ የሚኖረው ሱቁ በሚሰጠው የነዳጅ ኩፖን ነው። አንተ መንገደኛ ሳትሆን ጭነት ነህ።

ሁለተኛው ፌርማታ የጌጣጌጥ ሱቅ ሆነ። ማቀዝቀዣው ይነፋል። ወንበር ተሳበለት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ክዳኑ ተከፍቶ ቀረበለት፣ እጇን አጋጥማ እጅ የነሳችው ሴትዮ ስለ እናቱ ጤና ሁሉ ጠየቀችው። ቀጥሎ ሰማያዊ ድንጋይ መጣ። ሰንፔር ነው፣ የመንግሥት ቅናሽ ነው፣ ዛሬ ማታ ያልቃል፣ አገርህ ወስደህ በእጥፍ ትሸጠዋለህ። ልብ በሉ፤ ይሄ ሰው የመጣው የወገል ጤና ኦፓል ከመሬት ከሚቆፈርበት አገር ነው። "ታዲያ ለምን ገዛህ?" ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ውሃቸውን ጠጥቼ እንዴት ዝም ብዬ ልውጣ?"

አያችሁ፣ የይሉኝታ ዋጋ ይሄ ነው። የአንድ ጠርሙስ ውሃ ዕዳ በቀለበት ተከፈለ። የሚገርመኝ ደግሞ መድኃኒቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። መርካቶ ላይ ሃምሳ ጫማ አስወርደን፣ ለክተን፣ ባለሱቁን አስለፍተን "ዞሬ እመጣለሁ" ብለን እንወጣለን። እንደማንመለስ ባለሱቁም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን፣ ማንም አይቀየምም። ፈረንጅኛ ወይም ታይኛ ፊት ሲገጥመን ግን ይሄ ሁሉ ትምህርት ይጠፋና የሰርግ ቤት እንግዳ ሆነን ቁጭ እንላለን።

ቤተ መንግሥቱ ዝግ መሆኑን መናገር የሚችለው በሩ ራሱ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ለንጉሣዊ ሥነ ሥርዓት ይዘጋል፤ በተረፈ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:30 እስከ 9:30 ትኬት ይቆረጣል፣ 500 ባህት ነው። ሰውዬውን አመስግነህ፣ ከቻልክ ኃይሌን ሰላም በልልኝ ብለህ፣ ቀጥ ብለህ በሩ ድረስ ሂድ። ጉልበትና ትከሻ የተሸፈነ ይሁን። ነጠላ ይዛ የሄደች ሀበሻ እዚህ ከቱሪስቱ ሁሉ ትቀድማለች። ጫማ ማውለቁም ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ፈረንጁ ከጫማው ክር ጋር ሲታገል እኛ ገብተናል። ውስጥ ያለው የመረግድ ቡድሃ 66 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ የሚጠብቁትን ያህል አይታይም፣ ፎቶም አይነሳም። ልብሱን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ወቅት ሲለወጥ፣ ንጉሡ ይቀይሩለታል። ፎቶ የጠማው ጎረቤቱ ወዳለው ዋት ፖ ቤተ መቅደስ ይሂድ፤ እዚያ የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል። ሰው ሁሉ የሚጋፋው ግን ፊቱ ጋ ሳይሆን በሉል ዛጎል ያጌጠው የእግሩ መዳፍ ጋ ነው። እናት "እዚያ ጣዖት ቤት እንዳትገባ" ብላ አስጠንቅቃ ከሆነ ፎቶውን ለማን እንደምትልክ አስብበት።

አገሩ ፈገግተኛ ነው ብለህ ግን አትዘናጋ። ሄድ ካልንበት አገር ሁሉ ማታውኑ የፖለቲካ ተንታኝ የመሆን ልማድ አለብን። ታይላንድ ውስጥ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ንግሥቲቱ ወይም ስለ አልጋ ወራሹ ክፉ መናገር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 112 ከ3 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። ስለ አርሰናል አውራ። ቬፕም (የኤሌክትሪክ ሲጋራ) ክልክል ነው፤ ይዘህ እንዳትገባ። ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ መናፈሻና ባቡር ጣቢያ ውስጥ ብሔራዊ መዝሙር ሲሰማ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል፣ አንተም ቁም። ባንዲራ ሲወርድ መንገድ ላይ ደርቀን እንቆም የነበርን ሰዎች ይሄ አይከብደንም። በነገራችን ላይ በቀን መቁጠሪያ የሚያሾፍብን ፈረንጅ ካለ ባንኮክ ይሂድ። እሱ 2026 ሲል እነሱ 2569 ላይ ናቸው።

ጾም ላይ ከሄድክ ቀይ ጽሑፍ ያለባት ቢጫ ባንዲራ ፈልግ። እሷ የተሰቀለችበት ምግብ ቤት ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ወተት የለውም። ሽንኩርትም የለውም፤ ይሄ እንግዲህ ከእኛ ጾም የባሰ ጾም ነው። ሌላ ቦታ "አትክልት ብቻ" ብለህ ብታዝም የዓሣ መረቅ ጠብ ማለቱ አይቀርም። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ደግሞ ሊቃውንቱ ያልጨረሱትን አንተ ኑድል ፊት አትፈታውም።

አሁን የማይሳቅበትን ልናገር። አንዳንዱ ሰው ባንኮክ የሚሄደው ሊጎበኝ አይደለም። "የደንበኞች አገልግሎት ሥራ፣ ደመወዝ በዶላር፣ ቲኬት በእኛ" ተብሎ ነው። የሚቀበለው መኪና ከኤርፖርት ተነስቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ማይናማር ድንበር፣ ማይ ሶት ወደተባለች ከተማ ይነዳል። ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ፓስፖርት የለም፣ መውጫ የለም። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ሌላውን የዓለም ሰው ማጭበርበር ነው፣ እምቢ ካሉ ዱላ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በአንድ ቀን ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ነጻ የወጡ ሰዎች ከግማሽ በላዩ የእኛ ልጆች ነበሩ። ያንን ሥራ ያገኙት ብዙ ጊዜ "ወንድሜ" ብሎ በሚጠራቸው፣ አማርኛ በሚናገር ሰው በኩል ነው። እሱም ሸሚዙ ተተኩሷል። የማይታወቅ ድርጅት ለማይታወቅ ሥራ ቲኬት ሲቆርጥልህ ውለታ አድርገህ አትቁጠረው። ለቱሪስት ፖሊስ ደግሞ 1155 ነው፤ ስልክህ ላይ አሁኑኑ መዝግበው።

መንገድ ስትሻገር መጀመሪያ ወደ ቀኝ እይ፤ በግራ ነው የሚነዱት። ሞተር ሳይክል ግን ከየትም ይመጣል፣ የእግረኛ መንገድ ላይም ጭምር።

ከሁሉም ከሁሉም የምወደውን አልነገርኳችሁም። የሴን ሴብ ቦይ ጀልባ። ቱሪስት ብዙም አይሳፈርበትም፣ ርካሽ ነው፣ የመንገድ መጨናነቅ የሚባል አያውቅም። ረዳቶቹ የራስ ቁር አድርገው በጀልባው ጠርዝ ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ገመድ ይዘው እየተራመዱ ሂሳብ ይሰበስባሉ፤ የእኛ ታክሲ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚያሳየው ጀብዱ እነሱ ዘንድ የጀማሪ ሥራ ነው። ጀልባው ሙሉ በሙሉ አይቆምም፣ ዝለል ነው የሚልህ። ውሃው ጥቁር ነው፣ ይሸታል። ሌላ ጀልባ በፍጥነት ሲያልፍ ይረጫል። ለዚህ ሲባል በሁለቱም ጎን የላስቲክ መጋረጃ አለ፣ መጋረጃው በገመድ ይሳባል፣ ገመዱን የሚስበው ደግሞ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። ጫፍ ላይ ከተቀመጥክ ስልክህን አስቀምጥ። ጎንህ ያለችው አሮጊት ገበያ ውላ፣ ዘንቢሏን ታቅፋ፣ ቆጣ ብላ እያየችህ ነው። ሳብ እንጂ!