ሂሳብ ሲጎድል ካሸሯን ከመክሰሳችሁ በፊት ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት

ያ ጀመዓ ዛሬስ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ አንጀቴን አሳረረኝ። እዚህ ደሴ ፒያሳም ሂዱ ሰኞ ገበያ፣ ሂሳብ ሲዘጋ ልዩነት ከመጣ ጥያቄው አንድ ነው፣ "የት አደረግሽው?" በቃ። ቁጥሩን ቁጭ ብሎ የሚያይ የለም፣ ጣት የሚቀሰረው ካሸሯ ላይ ነው፣ ያውም ደሞዟ ከሁሉም የሚያንሰው ልጅ ላይ።

ሰሞኑን አንድ ሱቅ ሂሳብ አስተካክል ተብዬ ስሄድ ልጅቷ 45,000 ብር አጉድላለች ተብላ በየወሩ ከደሞዟ እየተቆረጠ ነው። ወረቀት ሳላይ ገና ቁጥሩን ስሰማ ለ9 አካፈልኩት፣ ቀጥ ብሎ 5,000 መጣ። ከዛ ዜድ ሪፖርቱን (የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ በየቀኑ የሚያወጣውን የሽያጭ ድምር) ስንደምር 4,738,291፣ ባንክ የገባውም እሱው፣ ኤክሴሉ ላይ ግን 4,783,291! 38ቱን 83 አድርገው ነው የጻፉት፣ የጻፈው ደግሞ የባለቤቱ ልጅ ነው እሷ ኮምፒውተሩን ነክታውም አታውቅ።

እንዴት አወቅህ አሉኝ። 10ን፣ 100ን፣ 1,000ን ለ9 አካፍሏቸው፣ ሁሌ 1 ይተርፋል፣ ምክንያቱም 9፣ 99፣ 999 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። ስለዚህ ቁጥሩ ሚሊዮንም ይሁን ቢሊዮን ለ9 ሲካፈል የሚተርፈው የአሃዞቹ ድምር ለ9 ሲካፈል ከሚተርፈው ጋር እኩል ነው። የሁለቱንም አሃዞች ደምሩ፣ 34 ነው፣ ቀሪው 7። አሃዝ ቦታ ቢቀያየር ድምሩ ያው ስለሆነ ሲቀናነሱ ቀሪው ይጠፋፋል፣ ልዩነቱ የግድ ለ9 ይካፈላል። ቦታውን ሁሉ ይነግራችኋል እኮ፣ የተገላበጡት ጎን ለጎን ያሉ ከሆኑ 5,000 ማለት የሺ ቤትና የአስር ሺ ቤት ላይ በ5 የሚበላለጡ አሃዞች ማለት ነው፣ 3 እና 8።

እርግጥ ለ9 ተካፈለ ማለት ማንም አልወሰደም ማለት አይደለም፣ 45,000 የሰረቀም ቢኖር ያው ይካፈላል፣ 500ን 5,000 ብሎ የጻፈም ልዩነቱ 4,500 መጥቶ ይካፈላል። ግን ወላሂ የግማሽ ደቂቃ ስራ ነው፣ ሰው ሌባ ከማለት በፊት መዝገቡን እዩ የሚል ምልክት ነው!

ስልካችሁ ላይ ኮከብ መሰላል 06 መሰላል (*#06#) ብትሉ የሚመጣው 15 አሃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር (IMEI) ነው፣ የመጨረሻዋ አሃዝ ስራዋ ሌሎቹ በትክክል መጻፋቸውን ማጣራት ነው፣ የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ሰው ሀንስ ፒተር ሉን እንደ ፈረንጆቹ በ1954 የፈጠራ መብት የጠየቀበት ዘዴ ነው። አንድ አሃዝ ብትሳሳት ይይዛል፣ ጎን ለጎን ብታገላብጥም ከ09 እና 90 በቀር ይይዛል። ሰው አሃዝ እንደሚያገላብጥ ከዛን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው፣ እኛ ጋ ግን አሁንም ከደሞዝ ይቆረጣል።

ባለቤቱን ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ሳሳየው "እሺ ከዚህ ወር ጀምሮ አይቆረጥባትም" አለኝ። እስካሁን የተቆረጠውስ ስለው ዝም። አይሆንም! ብሯ ሙሉው ይመለስላት፣ ሌባ የተባለችው ደንበኛ ፊት ነው፣ ይቅርታውንም እዛው ደንበኛ ፊት ይጠይቃት።